የሁዳዴ እንቁላል

አያቴ የተወለደችው ከጢስ ዓባይ ከተማ ማዶ፣ ደራ በኩል ነው። ልጅ ሳለች ጌሾና ዶሮ ተሸክማ ገበያ የምትሻገረው ዓባይ ላይ ባለው በአላታ ድልድይ ነበር። አስጎብኚዎቹ «የፖርቱጋል ድልድይ» ይሉታል። እሷ ይህን ስም ስትሰማ ታኮርፋለች።

«እንቁላሉ የኛ፣ ስሙ የነሱ!»

በአገሩ የሚወራው ድልድዩ የተገነባው ኖራና አሸዋ በእንቁላል ተለውሶ ነው እየተባለ ነው። ስለ ጎንደር ግንቦችም ይኸው ይባላል። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ያ ሁሉ እንቁላል ከየት እንደመጣ ብጠይቃት፣ እንደ ሞኝ አየችኝ።

«በሁዳዴ ነዋ! ዶሮ አትጾም፣ መጣሏን አትተው። በላተኛ የለም። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ከየቤቱ የተጠራቀመ እንቁላል ድልድይ ቀርቶ ቤተ መንግሥት ያሠራል።»

ይህን ሒሳብ ከሌላ ሰው ሰምቼው አላውቅም፤ ግን እስካሁን ስህተቱን አላገኘሁለትም።

በጽሑፍ የተረፈው ታሪክ የሚያወራው ስለ ኖራ ነው። ድልድዩ የተሠራው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1626 ነው። ለኖራ የሚሆነው ድንጋይ በአገሩ የታወቀው ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነበር። ግንበኛውም ፖርቱጋላዊው የካቶሊክ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ሲመጣ አብሮት ከህንድ የመጣ ባለሙያ ነው ይባላል። እንግዲህ ስሙን ለእጁ እንስጠው ካልን «የህንዱ ድልድይ» መባል ነበረበት። ንጉሡ ሕዝቡን ካቶሊክ ላድርግ ብሎ አገር ሲያምስ ኖሮ በ1632 ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። በአያቴ ሒሳብ ከሄድን ግን ድልድዩን ያቆመለት የኦርቶዶክሱ ጾም ነው።

ቁልቁል ሞጣ በኩል ያለው ወንድሙ፣ ሰባራ ድልድይ፣ ዕድሉ የከፋ ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ፈረሰና ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ወዲህና ወዲያ በቆሙ ጎበዞች እየተጎተተ ነበር የሚሻገር። አላታ ግን ዛሬም እህል የጫነ አህያ ያሳልፋል።

ባለፈው ጥቅምት ሄጄ ነበር። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ዓባይ እንደደፈረሰ ነው፤ ላይ ፏፏቴው ጋ ያን ያህል የተንጣለለው ውሃ እዚህ ጠባብ ገደል ውስጥ ገብቶ ይጮኻል። ከድንጋዮቹ መሐል ያለውን ነጭ ልስን በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ ሳደርግ አንድ እረኛ ልጅ ከኋላዬ ጮኸ።

«ጋሼ፣ አይፋቁ! እንቁላሉን ያወጡታል!»

እጄን ሰበሰብኩ።

ማታ ባሕር ዳር ተመልሼ ፎቶውን ለአያቴ በስልኬ አሳየኋት። ዓይኗ ደክሟል፤ አስጠግታ አየችው፣ አራቀችው፣ አህያዋ የማን እንደሆነች ጠየቀችኝ። ከዚያ፦

«ለመሆኑ እንቁላል ስንት ገባ?»

ነገርኳት።

«ኧረ በማርያም!» አለችና ስልኩን መለሰችልኝ። «እንኳን ያኔ ሠሩት።»