መረሬን በከሰል አመድ ማጽናት፦ የአምስት ወር የሙከራ ማስታወሻ

ከቢሾፍቱ ወደ ሞጆ በተዘረጋው ሜዳ ላይ በበጋ የተመላለሰ ሰው የመረሬን፣ የዚያን ጥቁር ሸክላማ አፈር፣ ጠባይ ያውቀዋል፤ በክረምት ጫማ የሚነጥቅ ጭቃ የነበረው አፈር ጥር ላይ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ተከፋፍሎ ይገኛል። መንገድ ሠሪዎች ይህን አፈር ብዙውን ጊዜ ቆርጠው ያወጡትና በሰለክት፣ ማለት ለመንገድ በተመረጠ የማያብጥ አፈር፣ ይተኩታል፣ ካልሆነም ከኖራ ጋር ይቀላቅሉታል። እኔ በአልካሊ፣ ማለት በኮስቲክ ሶዳና በሶዲየም ሲሊኬት ፈሳሽ፣ የነቃ የድንጋይ ከሰል አመድን በመረሬ ላይ መሞከር ከጀመርሁ አምስት ወር ሆነኝ፤ የምሠራውም ቅዳሜ ቅዳሜ፣ አዳማ በሚገኘው ቤቴ ጓሮ ነው።

አፈሩን አድርቄ ወቀጥሁትና በ0.425 ሚሊ ሜትር ወንፊት ነፋሁት። ከዚህ 10 ሚሊ ሊትሩን ውሃ በሞላው ባለ 100 ሚሊ ሊትር መለኪያ ቱቦ ውስጥ ጨምሬ ሳሳድረው በማግሥቱ 22 ላይ ደርሶ አገኘሁት፤ ነፃ እብጠቱ 120 በመቶ ሆነ ማለት ነው። ከ100 በመቶ በላይ የሚያብጥ አፈር ቀላል ቤቶችን ክፉኛ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ለሙከራ የሚበቃ ነው ብዬ ወሰድሁት።

ኮስቲክ ሶዳው በአመዱ ውስጥ ያለውን ብርጭቆ መሰል ሲሊካና አሉሚና ያሟሟል፤ የሟሟውም እንደገና ተያይዞ ጄል ይሠራና ሲጠነክር የአፈሩን ቅንጣቶች አንድ ላይ ይይዛል። የሶዲየም ሲሊኬቱ ድርሻ ተጨማሪ ሲሊካ ማቅረብ ነው። እኔ የምጠቀመው 8 ሞላር ውሕድ ነው፤ ይህም ሲያልቅ 1 ሊትር በሚሆን ውሕድ ውስጥ 320 ግራም ኮስቲክ ሶዳ አለ ማለት ነው። ሶዳው ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ በሶዳ ላይ አይፈስም፤ ውሕዱ በኃይል ስለሚሞቅም አሳድሬ እጠቀምበታለሁ። ዕቃው ፕላስቲክ መሆን እንዳለበት የተማርሁት ግን ከወጥ ቤት የወሰድሁት የአሉሚኒየም ሳህን አረፋ ሲደፍቅ አይቼ ነው፤ ባለቤቴ ይህን እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

የመጀመሪያው ስህተቴ አመዱ ላይ ነበር። ከሰል ከሚያነድ ፋብሪካ ያገኘሁት ጆንያ ከጭስ ማውጫው ማጣሪያ የተሰበሰበ ልም አመድ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ከምድጃው ሥር የተጠረገ ሻካራ አመድ ኖሯል። ያም ሆኖ ከእርሱ የሠራኋቸው ናሙናዎች ሲደርቁ እንደ ድንጋይ ጠንክረው ስላገኘኋቸው ደስ አለኝ። ደስታዬ የቆየው ናሙናውን ውሃ ውስጥ እስክነክረው ነበር። ምንም ያልተጨመረበት መረሬ በጥቂት ደቂቃ ተንዶ ከሥር ተቀመጠ፤ የእኔው «የጸና» ናሙና ደግሞ እርሱም ተንዶ ውሃውን አደፈረሰው፣ ድፍርሱም በማግሥቱ እንኳ አልጠለለም። ምክንያቱን ኋላ ላይ ሳስበው ግልጽ ነበር፦ አመዱ ምላሽ ሳይሰጥ ሲቀር የተረፈው ሶዲየም መረሬን ከሚያሳብጠው የሸክላ ማዕድን፣ ከሞንትሞሪሎናይቱ፣ ጋር ይቀራል፤ ሶዲየም የያዘ ሞንትሞሪሎናይት ደግሞ ካልሲየም ከያዘው ይልቅ ያብጣል፣ ይበተናልም። በሌላ አነጋገር አፈሩን አብሼዋለሁ። ደረቅ መረሬ በራሱ በመዶሻ የሚፈለጥ ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ያልተነከረ ናሙና ጥንካሬ አያሳምነኝም።

ልሙን አመድ ካገኘሁ በኋላ ከደረቁ ክብደት 15 በመቶውን አመድ አደረግሁ። አሁን ደግሞ ችግሩ ውሃ ሆነ። በፕሮክተር ሙከራ (አፈር በስንት እርጥበት ይበልጥ እንደሚጠቀጠቅ በሚለካው) ያገኘሁትን ተስማሚ እርጥበት በሙሉ በውሃ ሞልቼ አልካሊውን ከላዩ ስጨምርበት ድብልቁ ከመጠቅጠቅ ይልቅ በመጠቅጠቂያው ሥር ይንሸራተት ጀመር፤ የሲሊኬቱ ፈሳሽ አብዛኛው ውሃ መሆኑን ዘንግቼ ነበር። አሁን በሁለቱ ፈሳሾች ውስጥ ያለውን ውሃ አስቀድሜ እቀንሳለሁ።

ካልሲየሙ አነስተኛ የሆነ አመድ ያለ ሙቀት በዝግታ ነው የሚጠነክረው። ስለዚህ ናሙናዎቹን በፌስታል ጠቅልዬ ጥቁር ቀለም በተቀባ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኋቸው፤ ለዚህ ሥራ የአዳማ ፀሐይ ማለፊያ ናት። ሳልጠቀልል የተውኋቸው ሁለቱ ላይ ነጭ የጨው ሽፋን ወጣባቸው፣ ጠርዛቸውም ተሰነጠቀ።

የተጠቀለሉት በ28ኛው ቀን ተነክረው አራት ቀን ሲቆዩ ቅርጻቸው አልተለወጠም፣ ውሃውም ጥርት ብሎ ቀረ። አሁን እየነከርሁ እያደረቅሁ ነው፤ በሦስተኛው ዙር አንዱ ናሙና ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ስላየሁ በእርሳስ ጫፍ ጫፉን ምልክት አድርጌበታለሁ።