ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር፦ ለዕለት ሥራ የድሮ ሽጉጥ የመረጥሁባቸው 4 ወራት

ከግንቦት መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ድረስ፣ በሥራ ላይ ሳለሁ በልብሴ ሥር የምይዘውን ሽጉጥ ለመምረጥ ያደረግሁትን ሙከራ ለሙያ ባልደረቦቼ በጽሑፍ እንደማካፍል ቃል ገብቼ ነበር። የዘገየሁት በስንፍና ሳይሆን ሐሳቤን በመሐል ሁለት ጊዜ በመቀየሬ ነው። ሥራዬን ለማታውቁ፣ በአንድ የጥበቃ ድርጅት ተቀጥሬ የገንዘብና የሰነድ ርክክብ ሲቪል ለብሼ አጅባለሁ። የዘወትር መስመሬ ከማዘጋጃ ቤት ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሃር ይወርድና፣ በብሔራዊ ቴአትር አድርጎ ሜክሲኮ ላይ ያበቃል። መሣሪያው የእኔ ሳይሆን የድርጅቱ ነው፤ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ የወጣለትና የተመዘገበ ነው። ስለዚህ «መረጥሁ» ስል ከግምጃ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ካሉት አንዱን አነሣሁ ማለቴ እንጂ ገበያ ወጣሁ ማለቴ አይደለም።

አዳዲሶቹ የፕላስቲክ እጀታ ያላቸው ሽጉጦች ለሌሎች ስለተመደቡ፣ ለእኔ የቀረቡልኝ ከእግር እስከ ራሳቸው ብረት የሆኑና መዶሻቸው ከኋላ በግልጽ የሚታይ ሦስት የድሮ ሽጉጦች ነበሩ፤ ማካሮቭ፣ ቶካሬቭና ብራውኒንግ ሃይ ፓወር። እውነቱን ለመናገር ልቤ ገና ከመጀመሪያው ወደ ብራውኒንጉ አድልቶ ነበር። ጆን ብራውኒንግ ጀምሮት እ.ኤ.አ. በ1926 ሲሞት ቤልጂየማዊው ዲየዶኔ ሴቭ የጨረሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ደግሞ ቤልጂየም ኤርስታል ከሚገኘው ፋብሪካ ለገበያ የወጣው ይህ ሽጉጥ፣ በካዝናው 13 ጥይት የሚይዝና እጅ ውስጥ ሲገባ አብሮ የተወለደ የሚመስል ነው። የግምጃ ቤታችን ኃላፊ፣ ሁላችንም «ሃምሳ አለቃ» እያልን የምንጠራቸው አሮጌ ወታደር፣ ዐይኔ የት እንዳረፈ አይተው «ልጄ፣ ሽጉጥና ሚስት በመልክ አይመረጡም» አሉኝ። ስለ ሁለተኛው አስተያየት የለኝም፤ ስለ መጀመሪያው ግን ቆይቼ አምኛቸዋለሁ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የመረጥሁት እንደማንኛውም ጀማሪ በመጠንና በክብደት ነበር። ማካሮቭ ርዝመቱ 161 ሚሊ ሜትር፣ ባዶ ክብደቱም 730 ግራም ነው። ቶካሬቭ ቀጠን ያለ ቢሆንም 195 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚረዝም፣ በሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተጣብቆ ሲቀመጡ አፈሙዙ ከጭን ጋር ይጣላል። ብራውኒንጉ 200 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ክብደቱም 900 ግራም ገደማ ነው፤ ካዝናው ድርብ ረድፍ በመሆኑ ደግሞ እጀታው ከወገብ ገፋ ብሎ ይወጣል። ክረምቱ ወፍራም ጃኬት ስላስለበሰን ይህ ሁሉ ያን ያህል አላስቸገረኝም። በሰኔና በሐምሌ የአዲስ አበባ ብርድ ውስጥ ሦስቱንም መደበቅ ይቻላል። መደበቅ ከባድ የሚሆነው መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ሲወጣና ሰው ሁሉ በሸሚዝ ሲሄድ አንድ ሰው ብቻ ጃኬት ለብሶ ሲታይ ነው።

ሐሳቤን የቀየረው የማስታወሻ ደብተሬ ነው። በሦስተኛው ሳምንት፣ እጄ ሽጉጡን የነካባቸውን ጊዜያት ሁሉ ከነምክንያታቸው መመዝገብ ጀመርሁ። በአንድ ተራ ማክሰኞ 11 ጊዜ ነክቼዋለሁ፤ ጠዋት ስረከብና ማታ ስመልስ ሁለት ጊዜ፣ የቀሩት ዘጠኙ በሙሉ በር ላይ። እዚህ ከተማ መሐል የሚሠራ ሰው የፍተሻን ነገር ያውቀዋል። ባንክ ሲገባ ፍተሻ፣ ሆቴል ሲገባ ፍተሻ፣ የመንግሥት ቢሮ ሲገባ ፍተሻ፣ ቡና ለመጠጣት ወደ ሕንፃ ሲገባም ፍተሻ ነው። በየበሩ ፈቃድ ማሳየት፣ ሽጉጡን ማውጣት፣ ባዶ ማድረግ፣ ማስረከብ፣ ሲወጡ ደግሞ መልሶ መቀበልና መሙላት አለ። ሽጉጥን ከልብስ ሥር ስለ መምዘዝ ፍጥነት የሚጻፈውን ብዙ አንብቤያለሁ፤ በአራት ወር ውስጥ አንድም ቀን በሥራ ላይ መምዘዝ አላስፈለገኝም። ባዶ ማድረግ ግን በየቀኑ አስፈልጎኛል። አደጋው ያለውም እዚያው፣ ሰው በተሰለፈበት፣ ጥድፊያ ባለበትና እጅ በዝናብ በራሰበት በር ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ጥያቄዬ «የትኛው ይደበቃል?» ወይም «የትኛው ዒላማ ይመታል?» መሆኑ ቀርቶ «የትኛው ነው በቀን አሥር ጊዜ ባዶ ሲደረግ ስሕተት የማያመጣው?» የሚል ሆነ።

ስሕተቱን ግን ቀድሜ ሠርቼው ነበር፤ አለመናገር ይህን ጽሑፍ ከንቱ ያደርገዋል። በሰኔ መጨረሻ፣ ዶፍ በሚጥልበት ጠዋት፣ ማካሮቭ ይዤ አንድ ሕንፃ በር ላይ ደረስሁ። ያን ጊዜ ጥይት አጉርሼ (ከካዝናው ወደ መተኮሻው አስገብቼ)፣ ሴፍቲውን (እንዳይተኮስ የሚያግደውን ቁልፍ) ዘግቼ ነበር የምይዘው። የማካሮቭ ካዝና መልቀቂያ በእጀታው ግርጌ፣ ከኋላ በኩል ያለ ትንሽ ጥርስ ነው፤ በአንድ እጅ እጀታውን ይዞ በሌላው ጥርሱን ወደ ኋላ መሳብ ያስፈልጋል። ጣቴ ረጥቦ አዳለጠኝ። ከኋላዬ ሰው ስለተሰለፈ ተጣደፍሁና ቅደም ተከተሉን ገለበጥሁት፤ ሴፍቲውን አውርጄ ተንሸራታቹን የላይ አካል አስቀድሜ ሳብሁ፣ የጎረሰው ጥይት መዳፌ ላይ ወደቀ፣ ከዚያ ታግዬ ካዝናውን አወጣሁ፣ ሴፍቲውን መልሼ ዘጋሁና «ባዶ ነው» አልሁ። ፈታሿ እጇን አልዘረጋችም። «ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ እስቲ ከፍተህ አሳየኝ» አለችኝ። ከፈትሁ። ሁለተኛ ጥይት ዘልሎ የብረት ጠረጴዛውን መታና ተንከባልሎ ከፍተሻ ማሽኑ ሥር ገባ። ተንሸራታቹ ሲመለስ፣ ካዝናው ገና ቦታው ላይ ስለነበር፣ ቀጣዩን ጥይት አጉርሶ ነበር። ማንም አልተናገረም። ጥይቱን ከመሬት የምፈልገው እኔ ስሆን ጃንጥላ የያዙ ሰዎች ከላዬ ቆመው ይመለከቱ ነበር። ያቺ ሴት በዚያ ቀን ካሠለጠኑኝ ሁሉ የበለጠ አሠልጥናኛለች።

ከዚያ በኋላ ሦስቱንም በዚያው ሚዛን መዘንኋቸው። ቶካሬቭን ቶሎ ተውሁት። የተለመደው ዐይነት የእጅ ሴፍቲ የለውም፤ ያለው መዶሻውን ግማሽ መንገድ ላይ የሚያቆመው መያዣ ብቻ ነው፤ በእርሱ ተማምኖ ጥይት አጉርሶ መያዝን ሃምሳ አለቃም፣ የድርጅቱ ደንብም፣ እኔም አንቀበለውም። የካዝናው መልቀቂያ በግራ ጎን ያለ ቁልፍ በመሆኑም አንድ ቀን ከታክሲ ስወርድ ካዝናው ከቦታው ዝቅ ብሎ አገኘሁት፤ የመቀመጫው ጠርዝ ተጭኖት መሆን አለበት። በተጨማሪም ጥይቱ 7.62 በ25 (ውፍረቱና የቀለሁ ርዝመት በሚሊ ሜትር) ሲሆን በሴኮንድ ከ400 ሜትር በላይ የሚበር፣ ነገር በስቶ የማለፍ ጠባይ ያለው ነው። ፒያሳን በሥራ መውጫ ሰዓት የሚያውቅ ሰው፣ ከዒላማው ጀርባ ሁልጊዜ ሌላ ሰው እንዳለ ያውቃል።

ብራውኒንጉ የበለጠ አሳዘነኝ። ካዝናው ካልገባ በቀር ቃታው እንዳይሠራ የሚያደርግ መከላከያ አለው፤ ሐሳቡ ደኅንነት ነበር። ይሁንና ሽጉጡ ባዶ ከተደረገ በኋላ መዶሻውን በቃታ ለማውረድ ባዶ ካዝና መልሶ መክተት ያስፈልጋል። ባዶና ሙሉ ካዝና አንድ ኪስ ውስጥ ይዞ፣ በር ላይ ቆሞ፣ አንዱን መርጦ መክተት ለኔ ዐይነት ጥድፊያ ለሚወድ ሰው የተዘረጋ ወጥመድ ነው። መዶሻውን በአውራ ጣት ይዞ ማውረድም ይቻላል፤ ጣት ካዳለጠ ግን የሚሆነውን አስቡት። ሴፍቲው የሚዘጋው መዶሻው ሲነሣ ብቻ ስለሆነም፣ ጥይት አጉርሶ የሚይዝ ሰው መዶሻው ተነሥቶ በሴፍቲ ብቻ ታግዶ መሄድ አለበት። ለሠለጠነ ሰው ችግር የለውም ይባላል፤ ይሆናል። የበር ጠባቂዎች ግን የተነሣ መዶሻ ሲያዩ ፊታቸው ይለወጣል፣ ፊታቸው ሲለወጥ ደግሞ እኔም እደነግጣለሁ።

ማካሮቭም እንከን የለሽ አይደለም። ሴፍቲው ወደ ላይ ተገፍቶ ሲዘጋ መዶሻውን ያለ አደጋ ያወርዳል፤ ይህ ከሌሎቹ ሁለቱ የሚለየው ትልቁ በጎ ነገሩ ነው። ሆኖም በዚያው ተንሸራታቹንም ይቆልፈዋል፤ ስለዚህ የጎረሰ ጥይት ለማስወጣት ሴፍቲውን መክፈት ግድ ነው። የዘመዱ የጀርመኑ ሽጉጥ የዋልተር ፒፒ ሴፍቲ እንደተዘጋ ተንሸራታቹን መሳብ እንደሚፈቅድ ሳውቅ፣ ሽጉጡን የነደፈው ኒኮላይ ማካሮቭ ከዋልተሩ ብዙ ነገር ወርሶ ይህን አንዱን ለምን እንደተወው ተናድጄበታለሁ። ከዚህ የተነሣ ጥይት ሳላጎርስ ለመያዝ ወሰንሁ። በአደጋ ጊዜ አንድ ሴኮንድ ልዘገይ እችላለሁ፤ በምትኩ በየበሩ የሚቀረኝ ካዝናውን ማውጣት፣ ሴፍቲውን ማውረድ፣ ተንሸራታቹን ስቦ በዐይንም በጣትም ማየት፣ ሴፍቲውን መመለስ ብቻ ነው። አፈሙዙም ሁልጊዜ ወደ ግድግዳው ነው። የግርጌው ጥርስ ያስቸግራል ያልሁትም፣ ካዝናው በታክሲ ግፊያ ከቶ እንደማይለቅ ከቶካሬቩ ካየሁ በኋላ፣ በጎነት ሆኖ ተቆጠረለት።

ትልቁ መሻሻል ግን ከሽጉጡ ሳይሆን ሽጉጡ ከሚቀመጥበት ማህደር መጣ። ከቀበቶ ላይ ሽጉጡን እንደያዘ የሚነቀልና ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን የቆዳ ማህደር ለማሠራት ፒያሳ ጀርባ ወዳሉ አንድ ቆዳ ሠሪ ሄድሁ። ሽጉጡን ለልኬት ይዤ መሄድ ስለማይገባኝ በ161 ሚሊ ሜትር ልክ ከባሕር ዛፍ እንጨት አስመስዬ ጠርቤ ወሰድሁላቸው። ሰውዬው አገላብጠው ካዩ በኋላ «ለልጅ መጫወቻ ይኼን ያህል ቆዳ?» አሉ፤ ነገሩን ስነግራቸው ግን ቆዳውን በለብታ ውኃ አርሰው በእንጨቱ ላይ ወጥረው፣ የቃታውን ቅስት በቀንድ እየጠረጉ እንዲወጣ አደረጉት። አሁን ብዙ በሮች ላይ፣ ካዝናውን አውጥቼ ባዶነቱን ካሳየሁ በኋላ፣ ሽጉጡን ማንም ሳይነካው ከነማህደሩ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገባለሁ። ከሁሉም የተሻለው ግን ጨርሶ አለመግባት ነው፤ ከነሐሴ ጀምሮ አለቃዬ ተስማምቶልኝ፣ ሁለት ስንሆን አንዳችን ሁለቱንም መሣሪያ ይዞ መኪና ውስጥ ይቀራል። የበር ንክኪው ከዘጠኝ ወደ ሦስትና አራት ወርዷል።

ቆዳ ግን ውኃ ይይዛል። በነሐሴ ሁለተኛ ሳምንት በተንሸራታቹ ግራ ጎን፣ ወገቤ በሚነካው በኩል፣ የበርበሬ ፍሬ የምታህል የዝገት ነጠብጣብ አየሁ። አሁን ማታ ማታ ሽጉጡ ከማህደሩ ወጥቶ በስስ ዘይት ይታሻል፤ ማህደሩ ለብቻው ይደርቃል። ሌላው የግምጃ ቤት ጉዳይ፣ የማካሮቭ 9 በ18 እና የብራውኒንግ 9 በ19 ጥይት ሁለቱም «ዘጠኝ» እየተባሉ በአንድ መደርደሪያ መቀመጣቸው ነበር። የማካሮቩ እርሳስ ወፈር ያለ፣ ቀለሁም አጠር ያለ ስለሆነ አይለዋወጡም። ሃምሳ አለቃ ሳጥኖቹን ለያይተው ቀይ መስመር አስምረውባቸዋል።

ስለ ተኩስ ልምምዱ ብዙ የምለው የለም። ድርጅቱ በወር አንድ ጊዜ ሜዳ ይወስደናል። የማካሮቭ የመጀመሪያ ቃታ፣ መዶሻው ወርዶ ሳለ፣ ከባድና ረጅም ነው፤ በሰባት ሜትር ላይ የመጀመሪያዬ ጥይት ሁልጊዜ ወደ ታች ግራ ይሄድ ነበር። ጥይት ሁሉ ከምለማመድበት ክፍል አውጥቼ በየምሽቱ ለአሥር ደቂቃ በባዶው ቃታ ስስብ ከከረምሁ በኋላ መሐሉን መንካት ጀምሬያለሁ። በብራውኒንጉ የተሻለ እመታለሁ፤ ይህንንም አልክድም።

መስከረም 12 ቀን ብራውኒንጉን ዘይት ቀብቼ መለስሁ፤ ሃምሳ አለቃም መዝገቡ ላይ አስፈርመውኝ ምንም ሳይሉ መደርደሪያው ላይ አኖሩት። የማህደሩ የቀበቶ ቁልፍ መላላት ስለጀመረ በቡሎን የሚጠብቅ ሌላ አዝዣለሁ። የባሕር ዛፉ ሞዴል አሁንም ቆዳ ሠሪው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ልጃቸው ይዞት በራፍ ላይ ሲጫወት አግኝቼ፣ ከርቀት ማንም እውነተኛ ነው ብሎ እንዳይደነግጥበት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢጫ ቀለም ቀብቼዋለሁ።