ወር ጠብቆ የሚመጣው ድብርት፦ ጌታ በስቶክሆልም ለአንድ ቤተሰብ ያደረገው

እግዚአብሔር ይመስገን! ይህን ምስክርነት የምናቀርበው በስቶክሆልም የምናገለግል የጸሎት ቡድን አባላትና በመካከላችን ያሉ ነርሶች ነን። ባለቤቶቹ ስማችን አይጠቀስ እንጂ ለሌላው ይጥቀም ብለው ፈቅደውልናል።

እኅታችን ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ናት። በየዓመቱ ሰዓት ወደ ኋላ ከሚመለስበት ከኦክቶበር መጨረሻ ጀምሮ ሌላ ሰው ትሆናለች። ለአሥራ አንድ ሰዓት ያህል ተኝታ ያልተኛች ያህል ደክማ ትነሣለች። ማታ ማታ ከዳቦና ከፓስታ በቀር የሚያምራት የለም፤ ልጅ ማንኪያ ቢጥል ትጮኻለች፤ ስልክ አታነሣም፤ ከቤት ኅብረት ትቀራለች። ባልየው ጠልታኛለች ብሎ አኮረፈ። ልጆቹ የእናታቸውን ፊት አይተው ነበር የሚገቡት። ተጸለየላቸው፣ ተጾመላቸው። በሚያዝያ ሲቀላት አመሰገኑ፤ በጥቅምት ግን ያው ተመለሰ።

የጸሎቱ መልስ በጥያቄ ነው የመጣው። አንዷ ነርስ በጸሎት መሀል «ይህ ነገር ለምን ወር ጠብቆ ይመጣል?» አለች።

መልሱ የብርሃን እጦት ነበር። ዲሴምበር 21 ቀን ስቶክሆልም ላይ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2፡44፣ የምትገባው ከቀኑ 8፡48 ነው። አዲስ አበባ በዓመቱ አጭር ቀን እንኳ ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በላይ ብርሃን አላት። በጨለማው ወራት የሚመጣውን ይህን የወቅት ድብርት እ.ኤ.አ. በ1984 ከባልደረቦቹ ጋር በጥናት የገለጸው ሐኪም ኖርማን ሮዘንታልም ከጆሃንስበርግ ወደ ኒውዮርክ የሄደ የፀሐይ አገር ሰው ነበር። ዓይን ከማየት ሌላ ለአንጎል ሰዓቱን የሚነግሩ ሴሎች አሉት። እነሱ የጠዋት ብርሃን ሲያጡ የሰውነት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሰውም አካሉ ገና ሌሊት ነው እያለው ልጅ ያለብሳል፣ ሥራ ይሄዳል።

የቤት አምፖል አይበቃም ወይ የሚሉ አሉ። አይበቃም። ማታ ሳሎን ውስጥ ያለው ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ ከ300 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) አያልፍም፤ ደመናማ ቀን ውጭ ግን እኩለ ቀን ላይ ከ1,000 ሉክስ በላይ ይገኛል። እኛ ሐበሾች ደግሞ ወፍራሙን መጋረጃ ከስሱ ጋር ደርበን ሰቅለን ቀኑን ሙሉ ሳንገልጠው እንውላለን። በዚያ ቤት መጀመሪያ የተነሣው ወፍራሙ መጋረጃ ነው። ቀጥሎ የምግብ ጠረጴዛው ወደ መስኮቱ ተጠጋ።

ለድብርቱ የሚሆነው ልዩ መብራት ከመገዛቱ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዳ ለምርመራ ደም ሰጠች። የብረት ማነስ፣ የታይሮይድ ችግርና የቫይታሚን ዲ እጥረትም ያደክማሉ፤ ሳይመረመሩ ሁሉን በጨለማ ማሳበብ ስሕተት ነው። ቫይታሚን ዲዋ ዝቅተኛ ስለነበር ሐኪሙ ለብቻው አዘዘላት። የድብርት መብራት አልትራቫዮሌት ጨረሩ የተጣራ ስለሆነ ቫይታሚን ዲ አይሰጥም። ቆዳ የሚያጠቁር መብራት የሚገዙ አሉ፤ እሱ ዓይን ይጎዳል እንጂ ለዚህ አይሆንም።

መብራቱ 10,000 ሉክስ የሚሰጥ መሆን አለበት። ካርቶኑ ላይ «በስንት ሴንቲ ሜትር?» የሚለውን ያንብቡ፤ ቁጥሩ ያለ ርቀቱ ትርጉም የለውም። የእርሷ 30 ሴንቲ ሜትር ይላል፤ ባልየው ግን ለጌጥ ይመስል ቡፌው ላይ አስቀምጦላት ሳምንት ሙሉ ምንም ለውጥ አልታየም። ሲርቅ ብርሃኑ በፍጥነት ይደክማል። ወደ ጠረጴዛው ወረደ፤ ከዓይን ከፍ ብሎ፣ ትንሽ ወደ ጎን። አምፖሉን አትኩሮ ማየት አያስፈልግም፤ ዓይን ተከፍቶ ፊት ወደ መብራቱ ከዞረ ይበቃል።

ሰዓቱ እንደ ነቃች ወዲያው ነው፣ 30 ደቂቃ። ስለዚህ የማታው የቤተሰብ ጸሎት ወደ ጠዋት ዞረ፤ እርሷ መጽሐፍ ቅዱስ ታነባለች፣ ልጆቹ አጠገቧ ቁርስ ይበላሉ። ዓይን ጨፍኖ የሚጸለየው ግን ከ30ው ደቂቃ አይቆጠርም! በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራሷን ስላመማት ወደ 15 ደቂቃ ዝቅ አድርጋ ቀስ በቀስ ጨመረች። አንድ ቀን ማታ ሞክራው እንቅልፍ አጥታ አደረች። በሁለተኛው ሳምንት ጩኸቱ ቀነሰ፤ ትንሹ ልጅ «እማዬ ዛሬ አልተቆጣሽም» አላት።

አንድ ነገር ግን ከመብራትም ከእኛም እጅ ውጭ ነበር። የምትሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ሲሆን አንዳንድ ቀን የሌሊት ፈረቃ ትገባ ነበር፤ ሌሊት የሚሠራ ሰው ያለችውን የስድስት ሰዓት የቀን ብርሃን ተኝቶ ያሳልፋታል። ወደ ቀን ፈረቃ እንድትዛወር ያቀረበችው ጥያቄ ተመልሶባት ነበር። እንደገና ተጸለየ፣ ማመልከቻው ከሐኪም ወረቀት ጋር እንደገና ገባ፤ ተፈቀደላት። ክብር ለጌታ ይሁን!

ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር «ነፍሴን ውሰድ» ሲል እግዚአብሔር አስቀድሞ የላከለት እንጎቻና ውኃ ነው። «ተፈውሰሻል» እያሉ መድኃኒት የሚያስጥሉ አገልጋዮች ይህን ክፍል ደግመው ቢያነቡ ደስ ይለናል። የሬቲና (የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) ሕመም ያለበት፣ ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም) ያለበት፣ ቆዳን ወይም ዓይንን ለብርሃን ስሱ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ሰው መብራቱን ያለ ሐኪም አይጀምር፤ ባይፖላር ላለበት ከልክ ያለፈ መነቃቃት ሊያመጣበት ይችላል። መሞት የሚያስብ ሰው ካለ ደግሞ የጸሎት ፕሮግራም አይጠበቅም፤ በስዊድን 112 ይደወላል።

እኅታችን ደኅና ስትሆን በጃንዋሪ ልታቆም ነበር፤ አልፈቀድንላትም። ብዙዎች የሚወድቁት እዚያ ጋ ነው፤ እስከ ማርች መጨረሻ ይቀጠላል። አሁን መብራቱን የሚያወጡት በሴፕቴምበር መጨረሻ፣ ድብርቱ ሳይጀምር ነው። በጁን ደግሞ ፀሐይ ከሌሊቱ 9፡31 ወጥታ ከምሽቱ 4፡08 ስለምትገባ ልጆቹ አልተኛም ይላሉ፤ ያ ወፍራም መጋረጃ ያኔ በመኝታ ክፍላቸው ይሰቀላል።