መብራት አልበራም ማለት ሾኩ ደህና ነው ማለት አይደለም

መኪናዬ አርጅታለች፤ ሾኮቿ (የመንገዱን ንዝረት የሚያበርዱት) በኤሌክትሪክ ቫልቭ የሚላሉና የሚጠነክሩ ዓይነት ናቸው። አስፋልት ላይ እንደ ጀልባ ትዋልላለች፣ ፍሬን ስይዝ አፍንጫዋን ትደፋለች፣ ዳሽቦርዱ ላይ ግን አንድም መብራት የለም። የምርመራ ማሽን ሰካሁባት፣ የብልሽት ኮድ የለም። ለካ ማሽኑ የሚያየው ኤሌክትሪኩን ነው። ወደ ሾክ አብዞርበሩ ቫልቭ የሚሄደው ሽቦ ከተበጠሰ ይጮኻል፤ ውስጡ ያለው ዘይት ከፈሰሰ ወይም ፒስተኑ ከተበላ ግን ብዙውን ጊዜ ምንም አይታወቀውም።

ስለዚህ ራሴ መሞከር ጀመርኩ። አንድ የተጎረባበጠ መንገድ መረጥኩና በተመሳሳይ ፍጥነት አንዴ በኮምፎርት (ሾኩን በሚያላላው ሞድ)፣ አንዴ በስፖርት (በሚያጠነክረው) ነዳሁ። ድሮ ልዩነቱ ወገቤ ድረስ ይሰማኝ ነበር፣ አሁን ወፍ የለም። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ሳይ የኋላ ግራው ሾክ በዘይት ርሶ አቧራ ለብሷል፤ ጎማውም ቦታ ቦታ ላይ ጎድጎድ ብሎ ተበልቷል። (ኮፈኑን ተጭኖ መልቀቅ የሚሉትን መፈተሻ ብዙም አላምነውም፣ ሾኩ ጭራሽ ካልሞተ በቀር አይናገርም።)

ኳኳታ ካለ ደግሞ መጀመሪያ ጎሚኒዎቹን (ብረቶቹ መገጣጠሚያ ላይ ያሉትን ጎማዎች) እና የስታቢላይዘር ሊንኩን (መኪናዋ ኩርባ ላይ እንዳታጋድል የሚይዘውን ብረት የሚያገናኘውን ዘንግ) እዩ፣ ርካሾቹ እነሱ ናቸው። ሾክ ከቀየራችሁ ግን ግራና ቀኙን አንድ ላይ ነው። እኔም የኋላዎቹን ሁለቱንም አዝዣለሁ።