ሲውጡ የሚያም ሁሉ ጨጓራ አይደለም

ጅማ መርካቶ አካባቢ በምሠራበት መድኃኒት ቤት «ጨጓራዬ ተነሣብኝ፣ ኦሜፕራዞል ስጠኝ» እያለ ይህን የጨጓራ አሲድ መቀነሻ መድኃኒት የሚጠይቅ ደንበኛ የማይመጣበት ቀን የለም፤ ከእነርሱ መካከል ግን እንጀራው ቀርቶ ምራቃቸውን ሲውጡ እንኳ ደረታቸውን የሚያማቸው ሰዎች መድኃኒቱን ከመቀበላቸው በፊት ሊጠየቁ ይገባል ብዬ በጽኑ አምናለሁ። በቅርቡ እንዲሁ የጠየቁኝን እናት አፋቸውን እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። ምላሳቸውና ላንቃቸው ላይ የረጋ ወተት የመሰለ ነጭ ነገር ተለጥፎ ነበር፤ በጨርቅ ጠረግ ሲያደርጉት ሥሩ ቀልቶ ታየ። «ምግቡስ የት ላይ ነው የሚይዝዎት?» ስላቸው ጣታቸውን ደረታቸው መሐል ላይ አሳረፉ።

እንዲህ ያለው ሕመም ብዙውን ጊዜ ካንዲዳ በሚባል ፈንገስ የሚመጣ ነው። ካንዲዳ በጤነኛ ሰው አፍና አንጀት ውስጥም ያለ ጉዳት ይኖራል፤ የሚበረታው የሰውነት የመከላከል አቅም ሲዳከም፣ ስኳር ከቁጥጥር ሲወጣ ወይም አንቲባዮቲክ ተፎካካሪዎቹን ባክቴሪያዎች ሲያጠፋለት ነው። ለአስም የሚሳብ ስቴሮይድ ተጠቅመው አፋቸውን የማይጉመጠመጡ ሰዎችም ይጋለጣሉ። የጨጓራን አሲድ የሚቀንሱ መድኃኒቶች ራሳቸው ተጋላጭነትን ስለሚጨምሩ፣ በግምት የተሰጠ ኦሜፕራዞል ሕመሙን ከማዘግየት አልፎ ሊያባብሰው ይችላል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ኤች አይ ቪ ነው። ፈንገሱ ከአፍ አልፎ ምግብ መውረጃ ቧንቧ ውስጥ ሲገባ በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ የኤች አይ ቪ 4ኛና የመጨረሻ ደረጃ ምልክት ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ሲዲ4 የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ቁጥር ከ200 በታች ሲወርድ ነው። ስለዚህ ያልተመረመረ ሰው መመርመር፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የጀመረም የቫይረሱን መጠን ማስለካት አለበት። ለእናትየዋም ይህንኑ በእርጋታ አስረድቼ ወደ ጤና ጣቢያ ላክኋቸው።

አፍ ውስጥ ተይዞ የሚቆየው የፈንገስ መድኃኒት ኒስታቲን ቧንቧው ውስጥ ለገባው ፈንገስ አይበቃም። በሐኪም የሚታዘዘው ሌላው የፈንገስ መድኃኒት ፍሉኮናዞል በአብዛኛው ከ14 እስከ 21 ቀን ይወሰዳል፤ ብዙዎች ግን መዋጥ እንደቀለላቸው ያቆሙታል፣ ፈንገሱም ይመለሳል። የአገራችን ማር ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ እኔም እወደዋለሁ፤ የፍሉኮናዞልን ቦታ ግን አይተካም። ነፍሰ ጡሮችና የደም መርጋትን የሚከላከለውን ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎች ሁኔታቸውን አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ለውጥ ካልታየ፣ ወይም ክብደት እየቀነሰ ጠጣር ምግብ መውረድ ካቃተው፣ መንስኤው ቫይረስ ወይም ካንሰር ሊሆን ስለሚችል በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ መታየት ግድ ነው።