ማርስ ላይ ሰላምታ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

የሳይንስ ልብ ወለድ ወይም ፋንታሲ የምትጽፉ ልጆች ረቂቃችሁን ስታሳዩኝ ብዙ ጊዜ የምመልስላችሁ አንድ ነገር ነው። ምናብ አላጣችሁም። መንኮራኩሩ አለ፣ አስማቱ አለ፣ ሁለት ጨረቃ ያለው ዓለምም አለ። የጎደለው ሌላ ነው። ያመጣችሁት እንግዳ ነገር የሰውን ኑሮ ምን እንዳደረገው አይታይም። መንኮራኩሩ ይነሳል፣ ሌላ ፕላኔት ላይ ያርፋል፣ ሰዎቹ ግን ቦሌ ካፌ ቁጭ ያሉ ይመስል ያወራሉ፣ ይበላሉ፣ ይጣላሉ።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ከዚያ ያ ለውጥ የት የት እንደሚደርስ እስከ ጓዳ ድረስ ተከተሉት።

ላሳያችሁ። አንድ የመንዝ ልጅ ማርስ ላይ ሥራ አገኘ እንበል። እናቱ መሐል ሜዳ ናቸው። መሬትና ማርስ በየራሳቸው መንገድ ፀሐይን ስለሚዞሩ አንዳንዴ ይቀራረባሉ፣ አንዳንዴ ይራራቃሉ። የሬዲዮ ምልክት ከአንዱ ሌላው ጋ ለመድረስ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። የተሻለ ስልክ ቢመጣም ይህን አያሳጥረውም። ምልክቱ የሚጓዘው በብርሃን ፍጥነት ነው፣ ከብርሃን የሚቀድም ደግሞ የለም።

አሁን የእኛን ሰላምታ አስቡት። «እንደምን አደርሽ እማዬ?» «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ እንደምን አደርክ?» «ደህና ነኝ፣ ተመስገን።» «ጤናህስ?» «ከብቶቹስ ደህና ናቸው?» «ዝናቡስ?» አንዱ ሳይመለስ ሌላው አይጠየቅም። ፕላኔቶቹ በጣም በተራራቁበት ወቅት አንድ ጥያቄ ሄዶ መልሱ እስኪመጣ 44 ደቂቃ ነው። ስድስት ጊዜ ከተመላለሱ ከአራት ሰዓት በላይ አለፈ። ገና ወደ ጉዳዩ አልተገባም።

ታዲያ እኒህ ሰዎች ምን ያደርጋሉ? ታሪኩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ሰላምታውን እንደማይተዉት እርግጠኛ ነኝ፣ የመንዝ እናት ሰላምታ አይዘሉም። እኔ ብጽፈው ወደ ድሮው ደብዳቤ እመልሳቸው ነበር። «ለውድ ልጄ፣ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር በጣም ደህና ነኝ።» ደብዳቤ ሳምንትና ወር ይጓዝ በነበረበት ጊዜ ሰው ሰላምታውን ሁሉ አንዴ አጠራቅሞ የሚልከው መልሱ ቶሎ እንደማይመጣ ስለሚያውቅ ነበር። ማርስ ያንን ዘመን መልሳ ታመጣዋለች። አያቶቻችን የጻፉበት አጻጻፍ የመንኮራኩር ዘመን አጻጻፍ ሆነ ማለት ነው። ይህን ማንም ሌላ አገር ያለ ደራሲ ሊጽፍላችሁ አይችልም።

ትንሽ እንቀጥል። እናትየው ቢያርፉስ? እኛ ጋ መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ አዝማድ ይሰበሰባል፣ በማለዳ ቤት ይኬዳል፣ ሰውየው ቁጭ እንዲል ይደረጋል፣ የሚይዙት ሰዎች አጠገቡ ይቆማሉ። ማርስ ላይ ግን አብረውት ያሉት ምናልባት አምስት የሌላ አገር ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የመሐል ሜዳ ዘመዶቹ መልእክቱን የሚልኩት ለእሱ አይደለም፣ ለአለቃው ነው። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ለማያውቅ ሰው በጽሑፍ ማስተማር አለባቸው፤ ከማንቃታችሁ በፊት ይህን አድርጉ፣ ሲያለቅስ ዝም በል አትበሉት፣ ብቻውን አትተዉት። የአለቃው ጥያቄ ሄዶ ተመልሶ እስኪመጣ ሌሊቱ ያልቃል፣ ልጁም ሊነቃ ነው። ሮኬቱ እንዴት እንደሚሠራ አንድ መስመር ሳልጽፍ ታሪክ አለኝ። የመጣውም ከአንድ ቁጥር ነው፣ ከምልክቱ መዘግየት።

ፋንታሲ ለምትጽፉ ደግሞ ጓሳን እሰጣችኋለሁ። የመንዝ ጓሳ የተባለው ሣራማ ደጋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይጀምራል፣ ውርጩ አጥንት ይገባል። ሣሩ ለቤት ክዳንም ለገመድም ይሆናል፣ በድርቅ ጊዜ ደግሞ ለከብት መኖ። ሜዳው ለብዙ ዘመን የተጠበቀው በቄሮ ሥርዓት ነበር። አባ ቄራ የሚባል ኃላፊ ይመረጣል። ሜዳው ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋል፣ ማንም አያጭድም፣ ከብት አያስገባም፣ የተላለፈ ይቀጣል። ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል። የመጠቀም መብቱ የነበረው ዘራቸውን ከሁለቱ አቅኚ አባቶች፣ ከአስቦና ከጌራ ለሚቆጥሩ ሰዎች ነበር። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲመጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ፣ አሁን ቦታውን የሚጠብቀው ማኅበረሰቡ በሌላ አደረጃጀት ነው።

ሣሩን አውጡና በቦታው አስማት አስገቡ። አስማቱ የሚበቅለው አንድ ሜዳ ላይ ብቻ ነው፣ ያ ሜዳ ደግሞ ለአምስት ዓመት ተዘግቷል። ወዲያው ጥያቄ ይመጣል። ዘሩን መቁጠር ያቃተው ሰው ምን ይሆናል? ከሌላ አገር አግብታ የመጣችው ሴትስ? በሌሊት ገብቶ የሚያጭደውን አይቶ ዝም ያለው እረኛስ? አሁን አንድ ጨምሩበት። የአባ ቄራው ልጅ ታሟል፣ የሚያድነው ያ ሣር ብቻ ነው፣ ሜዳው ሊከፈት ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ብዙ የፋንታሲ ጀማሪዎች አስማቱን ለሁሉ በነጻ ያድላሉ፣ ከዚያ ታሪኩ ለምን እንደሚሞትባቸው ይገርማቸዋል። የሚከለክል ሕግ ሲኖር ነው ሰው የሚፈተነው።

እንግዳ ፍጡር መፍጠር ሲያምራችሁም መጀመሪያ እዚያው ጓሳ ሂዱና ጭላዳ ዝንጀሮ ተመልከቱ። ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ሣር ይነጫል፣ ያለበትን ሲጨርስ ሳይነሳ በቂጡ ሸርተት ይልና ይቀጥላል። ሌሊት ገደል አፋፍ ላይ ያድራል። ቀይ ቀበሮ በመንጋው መሀል ስታልፍ አይሸሽም። በ2015 እ.ኤ.አ. ጓሳ ላይ የተሠራ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀበሮዋ ብቻዋን አይጥ ስታድን ከሙከራዋ 25 በመቶ ያህሉ ነው የሚሳካላት፣ በጭላዳ መንጋ መሀል ስትሆን ግን 67 በመቶ ይደርሳል። እሷም የጭላዳ ግልገል አትነካም፣ ከነካች ተባርራ ያን ሁሉ አይጥ ታጣለች። ሁለት የማይግባቡ ፍጥረቶች ያለ ቃል ውል ገብተዋል። የእናንተ ፍጡር ቀንድና ክንፍ ከማብዛት ይልቅ እንዲህ ያለ ውል ቢኖረው ይሻላል። ውሉን አንድ ቀን ማን ያፈርሰዋል? እሱን ጻፉት።

አሁን ወደ ከተማችን ልምጣ። ደብረ ብርሃንን የመሠረተው አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ነው፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን። ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉት የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች በድንጋይ ከተወገሩ በኋላ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፣ ለብዙ ቀንም ቆየ። ንጉሡ እግዚአብሔር ሥራዬን ወደደልኝ ብሎ እዚያው ቤተ ክርስቲያን አሠራ፣ ከተማውም ተቆረቆረ። ብርሃኑ በ1456 እ.ኤ.አ. የታየው ሃሌይ የተባለው ጅራታም ኮከብ ሊሆን ይችላል የሚሉ አሉ። እኔን የሚይዘኝ ግን ይህ ነው፤ ያንኑ ብርሃን የተወገሩት ሰዎች እናትም አይታዋለች። እሷ ምን አለች? ዜና መዋዕሉ የንጉሡን ነው የሚነግረን። የእሷን መጻፍ የደራሲ ሥራ ነው።

ሃሌይ በየ76 ዓመቱ ገደማ ይመለሳል። በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን ቆጠራ፣ ደግሞ ማዕከላዊ ቀመር የሚባለው ዙር 76 ዓመት ነው። ሁለቱ ምንም ዝምድና የላቸውም፣ መገጣጠም ነው፣ ለልብ ወለድ ግን እንዲህ ያለ መገጣጠም ወርቅ ነው። በቀመሩ ተማምኖ ኮከቡ የሚመጣበትን ዓመት የሚናገር መሪጌታ አስቡ። ኮከቡ ግን እንደ ጁፒተር ያሉ ትልልቅ ፕላኔቶች ስለሚስቡት ዙሩ አንዳንዴ ያጥራል፣ አንዳንዴ ይረዝማል። መሪጌታው በአንድ ዓመት ይስታል። ያን አንድ ዓመት መንደሩ እንዴት ያሳልፈዋል?

ወይም ወደ ፊት ሂዱ። ሃሌይ ለፀሐይ በጣም የሚቀርበው ሐምሌ 21 ቀን 2053 ነው። ሐምሌ ደብረ ብርሃን ምን እንደሚመስል የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ጣርማበር ላይ ጭጋጉ የፊት ለፊቱን መኪና ይሸፍናል። ዓለም ሁሉ ቀና ብሎ ሲያይ በብርሃን የተሰየመችው ከተማ ደመና ውስጥ ናት። ሕዝቡ ምን ያደርጋል? ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል? ድሮን ይልካል? ሰማዩን ለመግለጥ የሚጸልይ አለ፣ አዝመራው ገና ዝናብ ስለሚፈልግ ይህን ጸሎት የሚቃወም ገበሬም አለ። ይህ በዚህ አካባቢ ያደገ ሰው ብቻ የሚያውቀው ጠብ ነው።

ስለ አጻጻፉ ብዙ አልልም። ሳይንሱን ሦስት ገጽ አታስተምሩን፤ ማሽኑ ሲበላሽ የሚጠግነውን ሰው እጅ አሳዩን፣ ከዚያ እንረዳለን። ቴሌስኮፕን ቴሌስኮፕ በሉት፣ ሮኬትን ሮኬት፣ አንባቢ ያውቀዋል። ገጸ ባሕሪያችሁን ጆን ማለት አያስፈልግም። አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ ይርገዱ የምትባል ጠፈርተኛ ሰው ያምናል?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ይርገዱ የኦክስጅኑን ቱቦ ስትፈትሽ እጇ ከቀዘቀዘ፣ ቆጣሪውን አይታ ልቧ ከመታ፣ ያምናል። የማያምነው ይርገዱ ምንም ሳትሠራ ጀግና ስትባል ነው።

እውነታውን ደግሞ አጣሩ። ቁጥር የምታገኙት ከመጽሐፍና ከኢንተርኔት ነው፣ ቁጥሩ በሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ግን እሱን ያዩ ሰዎችን ጠይቁ። ባና የሚሠሩትን፣ ኩበት የሚጠፈጥፉትን፣ ባሕረ ሐሳብ የሚያሰሉትን አባት፣ ጤና ጣቢያ ሌሊት የሚያድረውን ነርስ። ሰው ስለ ሥራው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፣ ብዙ ያወራል።

ባለ አሥር ቅጽ መጽሐፍ ከመጀመራችሁ በፊት አምስት ገጽ ጨርሱ። ካርታ መሳልና የነገሥታት ዝርዝር ማውጣት ይጥማል፣ አውቃለሁ፣ ግን ዓመት ይበላል። አምስቱን ገጽ ስትጨርሱ ለሚወዳችሁ ሰው ሳይሆን ይህን ዓይነት ጽሑፍ ለማያነብ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት፣ ቡና ላይ ቢሆን ጥሩ ነው። ስልኩን ያነሳበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። በማግስቱ ከዚያ ቦታ ጀምራችሁ እንደገና ጻፉ።