የማግኔት ሰሌዳ ሲወድቅ እጃችሁን አታስገቡ

ለመዋዕለ ሕፃናት ክፍል የማግኔት ሰሌዳ፣ ማለትም ጠርዙ ውስጥ ማግኔት ያለውን፣ ልጆች እየገጣጠሙ ቤት የሚሠሩበትን የፕላስቲክ መጫወቻ ስገዛ አንድ ሰው ይህን ነግሮኝ ቢሆን ብዙ ወር ባላባከንኩ ነበር።

ግዢው ቀላል ነው። ለ4 ልጆች 60 ፍሬ ይበቃል፤ 30 ከሆነ ጨዋታው ወደ ጠብ ይሄዳል። ግማሹ ጎኑ 7.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነው ትንሹ ካሬ ይሁን፣ ቀሪው ሦስት ማዕዘንና ጥቂት ትልልቅ ካሬ። ጎማና አበባ የበዛበት ሳጥን ዋጋውን ያስወድዳል እንጂ ብዙ አያሠራም።

ለልጆች ከመስጠቴ በፊት እያንዳንዱን ጫፍ በጣቴ አጠብቄ እፈትሻለሁ። በሙጫ ብቻ የተጣበቀ ሰሌዳ ሲወድቅ ይከፈትና ማግኔቱ ይወጣል፤ ማዕዘኑ በትንንሽ የብረት ሚስማር የተያያዘው ይሻላል። ልጅ ሁለት ማግኔት ከዋጠ፣ አንጀት ውስጥ እርስ በርስ ሲሳሳቡ መሀል የገባውን የአንጀት ግድግዳ ጨምድደው ሊበሱት ይችላሉ። ስለዚህ የተሰነጠቀ ሰሌዳ በፕላስተር አይጠገንም፣ ይጣላል። ልጅ ውጦ እንደሆነ ከጠረጠራችሁ ምልክት ሳትጠብቁ ሆስፒታል ውሰዱት።

ያበላሸሁት ጣሪያው ላይ ነው። በ4 ካሬ ግድግዳ ላይ 5ኛውን መክደን ማንም ልጅ ይችላል። ቤቱ በየጎኑ ሁለት ሁለት ካሬ ሲሆን ግን ግድግዳው 8 ይሆናል፣ ጣሪያው ደግሞ 4 ትንንሽ ካሬ። አራቱ የሚገናኙበት መሀል ወዲያው ይሰምጣል። ማግኔቱ እንደ በር ማጠፊያ ነው፤ ጎን ለጎን ይዞ ያቆማል፣ መታጠፍን ግን አይከለክልም። እኔ ይህን እያወቅሁ ትልቁን ካሬ አንስቼ እከድንላቸው ነበር። 4ቱን ትንንሾች የሚያህል አንድ ሰሌዳ ስለሆነ አይሰምጥም። ልጆቹም ቤቱ በወደቀ ቁጥር ሰሌዳውን ትተው እጄን ማየት ጀመሩ። እስካሁን የሚቆጨኝ ይህ ነው።

አሁን እጄን አጣምሬ «መጀመሪያ የወረደው የቱ ጋ ነው?» ብቻ እላለሁ። ልጁ ጡጫውን ከሥር አስገብቶ መሀሉን ይደግፋል፣ ጣሪያው ይቆማል። ጡጫውን ሲያወጣ ይወድቃል። ደጋግሞ ካየ በኋላ ጡጫው በነበረበት ቦታ አንድ ካሬ በጠርዙ ያቆማል። ምሰሶ ማለት ምን እንደሆነ በእጁ አወቀ፤ «ከሥር» እና «መሀል» የሚሉት ቃላትም ያኔ ትርጉም ያገኛሉ። ትልቁ ካሬ ከመደርደሪያው ላይ አለ፤ እሱ ራሱ ያግኘው።

ከሳጥኑ ጋር የሚመጣውን የሥዕል መመሪያ ከክፍል አውጥቼዋለሁ። ሥዕሉን ያየ ልጅ የራሱን ትቶ «እንደዚህ አልሆነልኝም» ይላል። «ስለ ማግኔት ያስተምራል» የሚለውንም አልቀበልም። በብዙዎቹ ሰሌዳዎች ውስጥ ማግኔቱ በቦታው ስለሚዞር ሁሉም ጎን ከሁሉም ይሳሳባል፤ መገፋፋት የሚባለው ተደብቋል። እሱን ለማሳየት ሁለት ተራ ማግኔት ይበቃል። ቅርጽን ግን በደንብ ያስተምራል፤ እኩል ጎን ያላቸው 6 ሦስት ማዕዘኖች በአንድ ነጥብ ዙሪያ ሲገጥሙ ባለ 6 ጎን ይወጣል፣ በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋ 6 ካሬ ሲታጠፍ ሳጥን ይሆናል። የ3 ዓመት ልጅ መሬት ላይ ዘርግቶ ብቻ ቢጫወት አትቸኩሉበት፤ ማቆሙ ይመጣል። «ይሄ ምን ቀለም ነው?» እያላችሁም ጨዋታውን ፈተና አታድርጉበት።

ሲጨርሱ ካሬው ከካሬ፣ ሦስት ማዕዘኑ ከሦስት ማዕዘን ይደረደራል፣ እየተቆጠረ። ውሃ ውስጥ አይዘፈዘፍም፣ ማግኔቱ ይዝጋል፤ እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል። የጎደለ ካለ ምንጣፉ ሥር ሳይፈለግ ክፍሉ አይዘጋም።